«ሕጉ ተሻሽሏል» ሲባል ምኑ ነው የተሻሻለው?

ከደብረ ማርቆስ ደብረ ኤልያስ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር፣ በከተማው ባጃጅ የሚሠራው ወጣት፣ ስንዴውን በአይሱዙ አስጭኖ ለገበያ የሚያወጣው ገበሬ አልፎ አልፎ አንድ ዓይነት ወሬ ይደርሳቸዋል፤ «የትራንስፖርት ሕጉ ተሻሽሏል» የሚል። ወሬው መናኸሪያ እስኪደርስ ይገዝፍና ያለው መንጃ ፈቃድ ሁሉ የተሰረዘ፣ ቅጣቱ ሁሉ የጨመረ ያስመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የተነካው አንድ ንዑስ አንቀጽ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ስም ወይም አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። የትኛው እንደተነካ ለይቶ ማወቅ ደግሞ የሕግ ባለሙያ መሆንን አይጠይቅም።

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ

የትራንስፖርት ሕጋችን በሦስት ደረጃ የተደራረበ ነው። ከላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ አለ። የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468/1997፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 እና የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 በዚህ ደረጃ የወጡ ናቸው። ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ፣ ከሥር ደግሞ ሚኒስቴሩ የሚያወጣው መመሪያ ይመጣል።

ደረጃውን ማወቅ የሚጠቅመው ማን ምን መለወጥ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። አዋጅን የሚያሻሽለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ነው። መመሪያ አዋጁን ሊያብራራና አፈጻጸሙን ሊዘረዝር ይችላል እንጂ አዋጁ የሰጠውን መብት ሊነሳ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው «አዋጁ የሚለው ሌላ ነበር፣ አሁን በመመሪያ ተቀይሯል» ካለዎት ሊጠራጠሩ ይገባል።

የመሥሪያ ቤት ስም ሲቀየር

ከሁሉም የሚቀለው ማሻሻያ የስም ነው። አዋጅ 468 በ1997 ሲወጣ ዘርፉ የሚመራው በመሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነበር። በ1998 የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2003 የትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሆነ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር አሮጌውን ሕግ ሁሉ እየከፈቱ ማረም አስፈላጊ አይደለም። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የሚወስነው አዋጅ፣ በቀድሞ ሕጎች ለፈረሰው ወይም ስሙ ለተቀየረው መሥሪያ ቤት የተሰጠ ሥልጣን ለተተኪው እንደሚተላለፍ በአንድ አንቀጽ ይደነግጋል። በእጅዎ ያለ ወረቀት የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ስም ስለያዘ ብቻ ዋጋ ያጣል ማለት አይደለም።

የማሻሻያ ሕግ አነባበብ

ማሻሻያ ሕግ ለብቻው ሲነበብ ግራ ያጋባል። ብዙ ጊዜ የሚለው «የአዋጁ አንቀጽ ይህን ያህል ንዑስ አንቀጽ ይህን ያህል ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ ንዑስ አንቀጽ ተተክቷል» ነው። በጋቢ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ ስለሆነ ከዋናው ሕግ ጎን ካልተቀመጠ ምኑን እንደሸፈነ አይታወቅም። ቃሎቹን ልብ ይበሉ፦ «ተሰርዟል» ካለ የነበረው ቀርቷል፤ «ተተክቷል» ካለ የነበረው በአዲስ ተለውጧል፤ «ተጨምሯል» ካለ የነበረው እንዳለ ሆኖ ሌላ ታክሎበታል። ያልተጠቀሰው አንቀጽ ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል።

የትራፊክ ደንቡ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደንብ ቁጥር 208/2003 ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ በደንብ ቁጥር 395/2009 ተሻሻለ። በዚያ ጊዜ አንድ ሹፌር መብትና ግዴታውን ለማወቅ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማንበብ ነበረበት። በ2016 ደግሞ አዲስ የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ በቁጥር 557 ወጣ። አንዳንዴ ሕግ አውጪው ከመጣጣፍ ይልቅ እንደ አዲስ መጻፍን ይመርጣል። የመንጃ ፈቃድ ሕግም እንዲሁ ነው፤ አዋጅ 600/2000 በጥቂቱ ከመሻሻል ይልቅ ሙሉ በሙሉ በአዋጅ 1074/2010 ተተክቷል። በመናኸሪያ ግን እስከ ዛሬ «ሦስተኛ አለኝ»፣ «አምስተኛ አወጣሁ» የሚል አይጠፋም፤ ይህ ከሁለቱም አዋጆች በፊት የነበረው የደረጃ አጠራር ነው።

ትንሽ የሚመስል ትልቅ ለውጥ

«ጥቃቅን ማሻሻያ» የተባለ ሁሉ ጥቃቅን አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠውን አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር። የሕክምና ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር በሕጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባለበት ቆመ፤ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁ በሰጠው ሥልጣን በደንብ ከፍ አደረገው። በወረቀት ላይ የተቀየረው አንድ ቁጥር ነው። ለተጎጂው ቤተሰብ ግን የሆስፒታል ደጃፍ ላይ በመቅረትና በመታከም መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከመቼ ጀምሮ?

የፌዴራል አዋጅና ደንብ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ የአማራ ክልል ሕግ ደግሞ በዝክረ ሕግ። የሚጸናበት ቀን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው አንቀጽ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ የሚመጣውን «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ» አይዝለሉት፤ ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ምን እንደሚሆን የሚናገረው እሱ ነው። በጋዜጣው ኅትመት ላይ ስህተት ከተገኘ ማረሚያ ይወጣል፤ የፌዴራል ሕግ አማርኛውና እንግሊዝኛው ካልተስማሙ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

ቅጣት ቢጨምር ትናንት ለተፈጸመ ጥፋት ዛሬ የጨመረውን መክፈል የለብዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ጥፋቱ ሲፈጸም ከነበረው የከበደ ቅጣት እንዳይጣል ይከለክላል።

መመሪያን በተመለከተ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ትልቅ በር ከፍቷል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያዘጋጅ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት፤ የአስተያየቱ ጊዜም ከ15 የሥራ ቀን ማነስ የለበትም። የጸደቀው መመሪያ ካልተመዘገበ ተፈጻሚ አይሆንም።

የደብረ ኤልያስ ሰው ምን ያድርግ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች የፌዴራል ናቸው። በክልሉ ውስጥ የሚሠራውን ታሪፍና ስምሪት የሚወስነው ግን የክልሉ የትራንስፖርት አካል ነው። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣበት ታሪፍ ጉዳይ ከሆነ ጥያቄው ለወረዳው ወይም ለዞኑ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

«ሕጉ ተቀይሯል» ሲባሉ ሳይጨቃጨቁ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሕጉ ቁጥር ስንት ነው? የትኛውን አንቀጽ ነካ? ከመቼ ጀምሮ ይጸናል? ለሦስቱ መልስ ካገኙ ቅጂውን ጠይቀው ያንብቡ። ካላገኙ ግን የነበረው ሕግ እንዳለ ነው ብለው ሥራዎን ይቀጥሉ፤ የተለወጠ መሆኑን ማሳየት የሚጠበቅበት ተለውጧል የሚለው ነው።