ከአባይ ማዶ ያለውን ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አምበር ተቀምጣችሁ ስልካችሁን ብትከፍቱ የኮሪያ ዘፈን አለ፤ የናይጄሪያው አፍሮቢትም አለ። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። የግብፅ ዘፋኝ ስም ጥሩ ብትባሉ ስንት ትጠራላችሁ? የኡጋንዳስ? የብሩንዲስ? የሱዳኑን እንኳ ቤታችን ድረስ ገብቶ ስለኖረ እናውቀዋለን።

ጎጃምን እንደ መቀነት የዞረው አባይ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ተገናኝቶ ግብፅ ይወርዳል። የወንዙ ተፋሰስ 11 አገራትን ይነካል። ስለ ውሃው ስንከራከር ዓመታት አለፉ፤ ዘፈናችንን ግን አንተዋወቅም። “የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የሚባለው እዚህም ሳይሠራ አይቀርም።

ይህን ነገር ልብ ካሉት መካከል አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት ምክሊት ሀደሮና ግብፃዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ሚና ጊርጊስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዝግጅት ከታደሙ በኋላ ሐሳቡ መጣላቸው። በአንድ ወንዝ የሚኖሩ ሕዝቦች የአንዱን ዜማ ሌላው ለመስማት አሜሪካ ድረስ መሄድ አለበት እንዴ? “ናይል ፕሮጀክት” የተባለው የጋራ የሙዚቃ ሥራ ከዚህ ተወለደ። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠውም በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ከተፋሰሱ አገራት የመጡ ሙዚቀኞች ግብፅ፣ አስዋን ላይ ተሰበሰቡ። ከኛ ወገን ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ እንድሪስ ሀሰንና ድምፃዊት ሰላምነሽ ዘመነ በተለያየ ጊዜ የፕሮጀክቱ አካል ሆነዋል። ከኬንያ ከበሮ መቺዋ ካሲቫ ሙቱዋ፣ ከግብፅ ድምፃዊት ዲና ኤል ወዲዲም አሉበት።

ፈተናው ገና መሣሪያ ሲቃኝ ጀመረ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። የአረቡ መቃም ደግሞ በሁለት ድምፆች መሀል ያለችውን ሩብ ድምፅ ሳይቀር ይጠቀምባታል። እንዲሁ ቢያጋጥሟቸው ጆሮ ይረብሻል። ስለዚህ ከመጫወት በፊት መስማት፣ ከመስማት ቀጥሎም የሌላውን ዜማ መማር ግድ ሆነ።

መሣሪያዎቹ ግን ዘመዳሞች ናቸው። የኛ ክራር በሱዳን ታንቡራ፣ በግብፅ ሲምሲሚያ፣ በኡጋንዳ እንዶንጎ፣ በኬንያ ኒያቲቲ የሚባሉ ወንድሞች አሉት። ቅርፃቸውን ብታዩ ያንድ ቤት ልጆች ትሏቸዋላችሁ።

“አስዋን” የተባለው አልበም በዚያው በ2013 ወጣ። በዚያው ዓመት የግብፅ ፖለቲከኞች ተሰብስበው ግድባችንን ስለማጥቃት ሲመክሩ ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ አንዳንዶቹ መተላለፉን እንኳ አላወቁም። ያንን ንግግር ሰምተን ያልተናደድን የለም። አልበሙን የሰማነው ግን ስንቶቻችን ነን? ቁጣው ስልካችን ድረስ መጣ፤ ዘፈኑ መንገድ ላይ ቀረ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሙዚቃ የውሃ ስምምነት አይፈርምም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አላበቃም። ቢሆንም ዘፈኑን ተምራችሁ የዘፈናችሁለት ሰው ከዚያ በኋላ “እነሱ” ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስም አለው፤ ሲስቅ አይታችሁታል፤ ስትሳሳቱም አርሟችኋል።

“ታዲያ እኔ ከአምበር ምን ላድርግ?” ካላችሁ፣ ዛሬ አስዋን መሄድ የግድ አይደለም። በወረርሽኙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካዊው አቀናባሪ ኤሪክ ዊታከር ባዘጋጀው የኢንተርኔት መዘምራን ላይ ከ129 አገራት 17,572 ሰዎች እቤታቸው ሆነው ዘምረዋል። በጆሯቸው መሪውን ዜማ እየሰሙ የራሳቸውን ድምፅ ቀርፀው ላኩ፤ አንድ ላይ ተገጣጠመ።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተዘጋጀ ዜማ ይሰጣችኋል። ናይል ፕሮጀክትን የመሰለው ደግሞ “የራስህን ይዘህ ና” ነው የሚላችሁ። ለዚህኛው ዝግጁ ነን ወይ? የአያታችሁን የሠርግ ዘፈን እስከ መጨረሻው ታውቁታላችሁ? በዓል ላይ የሚፎክሩት አባት ግጥማቸው የት ተቀምጧል?

መጀመር ቀላል ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ነፋስና ጫጫታ የሌለበት ቦታ ምረጡ፤ ስልኩን ለተጫዋቹ ጠጋ አድርጉት። መግቢያው ላይ የዘፋኙን ስም፣ አገሩንና ዘፈኑ መቼ እንደሚዘፈን አስነግሩ። ማሳመሪያ አትጨምሩበት፤ ዋናውን ቅጂም አታጥፉ። ከዘፈኑ ገንዘብ ከመጣ ድርሻው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁም አትተዉት፤ ለመቅረፅ ዳታ አያስፈልግም፤ መላኩ ኔትወርኩ ሲመለስ ይደርሳል።

አንድ ቀን ከካይሮ ወይ ከካምፓላ አንድ ወጣት “የናንተን አሰማን” ቢላችሁ የምትልኩት ነገር ይኑራችሁ። የሱንም ጠይቁት።