ግራና ቀኝ ያለው ሞለኪውል

እስቲ ሁለት መዳፎቻችሁን አጋጥሟቸው። ጣት በጣት ልክ ይገጥማሉ አይደል? አሁን ደግሞ ሁለቱንም መዳፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አንዱን እጅ በሌላው ላይ ደርቡ። አውራ ጣቶቹ በተቃራኒ ወገን ቀሩ! አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶችም እንደ እጃችን ግራና ቀኝ አላቸው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ግን በ"ግራዎቹ" ብቻ ነው።

አሚኖ አሲድን በቤተ ሙከራ መሥራት የዛሬ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850 ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ስትሬከር አሴታልዲሃይድ የተባለውን ውህድ ከአሞኒያና ከሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋር አዋሐደ። አሞኒያው ናይትሮጅን ሰጠ፤ ሳያናይዱ አንድ ካርቦን ጨመረ። ውጤቱን ከአሲድ ጋር ሲያፈላው አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ አገኘ። (ሳያናይድ ገዳይ መርዝ ነውና ይህ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።)

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በመሀል የሚፈጠረው ሞለኪውል፣ ሳያናይዱ የሚያያዝበት ቦታ ላይ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ ነው። ሳያናይዱ ከላይ ቢመጣ አንደኛው እጅ፣ ከታች ቢመጣ ሌላኛው ይሠራል። ዕድሉ እኩል ስለሆነ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ይወጣል።

"ታዲያ ምን አለበት?" ትሉ ይሆናል። በፓርኪንሰን ሕመም የተያዘ ሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ያንሳል። ዶፓሚን በኪኒን ቢሰጥ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ኤል-ዶፓ የተባለው አሚኖ አሲድ ግን ያልፋል፤ እዚያ ደርሶም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ይህን የሚያደርገው ግራው ብቻ ነው። ቀኙ አይረዳም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔ ያመጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊሊያም ኖውልስ ነው። ሮዲየም በተባለ ብረት ላይ ራሱ ግራና ቀኝ ያለው ሞለኪውል አስሮ ካታሊስት ሠራ። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። ይህኛው በጠፍጣፋው ሞለኪውል በአንዱ ፊት በኩል መቀመጥ ይመርጣል፤ ሃይድሮጅኑም በዚያው በኩል ይገባል። በዚህ መንገድ ከ100 ሞለኪውሎች 97 ያህሉ የሚፈለጉት ግራዎች ሆኑ። ኤል-ዶፓ በዚህ ዘዴ በ1970ዎቹ በፋብሪካ መመረት ጀመረ፤ ኖውልስም በ2001 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋራ።

እንግዲህ ለኬሚስት ትክክለኛዎቹን አተሞች ማገናኘት ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ በትክክለኛው አቅጣጫ ማገናኘት ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚያገኘው ሁለቱም ሲሟሉ ነው።