ከካርቲየ ሰባት እስከ አሳል

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በቁጥር ከሚጠሩት ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ ሰባት ነው። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ከሶማሊኛው፣ ከአፋርኛውና ከዓረብኛው መሐል አማርኛ ቢሰማ የሚገረም የለም። ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ማየት ቀላል ነው፤ ከተማዋ ራሷ ወደ ባሕር ሾልካ የገባች ምድር ናትና። መዋኘት የፈለገ ግን መኪና መያዝ አለበት። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ውኃ ጥልቀት ስለሌለው ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው እስከ ሩቅ ድረስ ይገለጣል። ሲዬስታ የሚባለው ፕላዥም (የባሕር ዳርቻም) ቢሆን የሚመረጠው ለማታ ነፋስና ለኳስ ነው።

መሐል ከተማ ያለው አደባባይ ከነፃነት በኋላ «ጁን 27 ቀን 1977» ተብሎ ቢሰየምም ብዙ ሰው ዛሬም «ምኒልክ» ይለዋል። ምሳ የየመን ዓሣ ይሁን። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃው ግድግዳ ላይ ይጠበሳል፤ ዳር ዳሩ ጠቆር ሲል ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ መጠየቅ ነውር ባይሆንም ጣዕሙን ይቀንሰዋል።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው ዶራሌ ዛሬ የሚታወቀው በኮንቴይነር ወደቡ ነው፤ የአገራችን የኢትዮጵያ አብዛኛው ገቢ ዕቃ የሚራገፈውም እዚያው ነው። ቤተሰብ ዓርብ ዓርብ የሚዝናናበት ኮር አምባዶ ከዶራሌ አለፍ ብሎ ይገኛል። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ደግሞ ጀልባ ይፈልጋሉ። ኮራላቸው ያማረ፣ ውኃቸው የጠራ ነው፤ ጥላ ግን ብዙ አይገኝባቸውም።

እኔን የሚማርከኝ ወደ ምዕራብ የሚወስደው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምድር እየተሰነጠቀች ያለችበት ቦታ ነው፤ የእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙት በዚሁ በአፋር ምድር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ ፕላዥ አካባቢ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ይኸው ዝርያ ነው፤ እዚህ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው። ምግባቸው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት ስለሆነ ሰው አብሯቸው ይዋኛል። ያም ሆኖ መንካትም መንገዳቸው ላይ መቆምም አይገባም።

ባሕረ ሰላጤው ሲያልቅ ጉቤት ይመጣል፤ በጠባብ በር ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ፣ በጥቁር ድንጋይ የተከበበ ጥልቅ ውኃ ነው። ከጉቤት እስከ አሳል ሐይቅ ያለው መሬት የቀዘቀዘ ላቫ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 አርዱኮባ እሳተ ገሞራ እዚሁ ፈንድቶ ነበር። የባሕሩ ውኃ በዚህ ላቫ ስንጥቅ ውስጥ ሾልኮ ወደ አሳል ይወርዳል፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነውና መውጫ የለውም። ፀሐይ ውኃውን ስታተን ጨው ይቀራል። ነጩ ጨው በእግር ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ዳር ላይ የአፋር ልጆች ድብልብል የጨው ጠጠርና ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ቅል ይሸጣሉ። ከዚህ ጨው ጭነው የሚወጡ የአፋር ግመሎች ለዘመናት ደገኛውን ሲመግቡ ኖረዋል።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ አለች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ ለማድረስ ወራት የጠበቀው እዚያ ነው። ግመሎቹን አግኝቶ የተንቀሳቀሰው እ.ኤ.አ. በ1886 መገባደጃ ሲሆን፣ ሸዋ የደረሰው በተከታዩ ዓመት ነው። ወደ ታጁራ በፌሪ የሚሄድ ሰው የመነሻውን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ደሴቶቹን ይተውና ወደ አሳል ይሂድ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አይሞክረው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሐምሲን የሚሉት ነፋስም አሸዋ ያለብሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ማለዳ ተነሡ፤ ውኃና ጠንካራ ጫማ አትርሱ፤ ጨው ቆዳ ይቆርጣል።