ኦሊምፐስ ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር ካለ ፎቅ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የካዛንቺስን ሕንፃዎች ያገኛል፤ እንጦጦን ግን ያጣዋል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፤ ከየደጁ የተጠረገው ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው ይታጠናል። ያም ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመው ተራራ ከቦታው ተነሣ የሚል የለም። እዚያው እንዳለ ስለምናውቅ፣ ከዓይናችን መሰወሩን የምናሳብበው በጭሱ ነው። የሌላ ፕላኔት ፎቶ ላይ ጭጋግ የሚያነቡ ሳይንቲስቶችም ሥራቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የአሜሪካዋ ማሪነር 9 መንኮራኩር የማርስ ምሕዋር ውስጥ የገባችው ኅዳር 4 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ዘንድ ኅዳር ሊታጠን 8 ቀን ሲቀረው። ፕላኔቷ ከዳር እስከ ዳር አቧራ ለብሳ ጠበቀቻት። በፎቶዎቹ ላይ ከአራት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን የደረሱት ሁለቱ የሶቪየት መንኮራኩሮች ሥራቸው አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበር መታገሥ አልቻሉም፤ ፊልማቸውን በአብዛኛው በአቧራ ጨረሱት። ማሪነር ግን ቆየች። አቧራው ሲረግፍ ነጠብጣቦቹ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ጫፎች ሆነው ተገኙ። ከአራቱ አንዱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ የሰፈራችን የስም ዘመድ፣ ኦሊምፐስ ሞንስ ነው። ይህን ቦታ ጣሊያናዊው ስኪያፓሬሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቴሌስኮፕ አይቶ «የኦሊምፐስ በረዶ» ብሎት ነበር። ያንን ንጣት የሚያጎላው ተራራው ላይ የሚሰበሰበው ደመና መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። አንድ ተራራ፣ በአየር ምክንያት ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር መሰለ።

እንጦጦ ጠርቶ በሚታይበት ቀን ባሕር ዛፉ ከሩቅ ሰማያዊ ይመስላል፤ በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚበትን ነው። ማርስ ላይ ይህ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ የማርስ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲህ የሳሳ አየር ብቻውን ቢሆን ሰማዩ ወደ ጥቁር ባደላ ነበር። ቀለሙን የሚሰጠው አቧራው ነው፤ አንድ ሺህ ቅንጣት ቢደረደር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሞላ፣ ብረት ያዘለ ዱቄት። ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ የማርስ ሩቅ ኮረብቶች ወደ ቡናማ ቢጫ ይደበዝዛሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዙሪያዋ ሰማያዊ ጸዳል ይታያል። ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2005 ያነሣችው ፎቶ ይህን ያሳያል።

ቀለም ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቫይኪንግ 1 እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ በወጣው የመጀመሪያ ባለ ቀለም ፎቶ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። መሬት ላይ የለመድነውም ይህንኑ ነው። ወዲያው ሲስተካከል ሰማዩ ወደ ሮዝ ቀለም ዞረ። ዛሬም ብዙ የማርስ ፎቶዎች ድንጋዩ በምድር ፀሐይ ቢታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሆን ተብሎ ቀለማቸው ይቀየራል። ለድንጋይ አጥኚ ጥሩ ነው፤ ጭጋግ ለሚያነብ ግን እንዲህ ያለውን ፎቶ እንደ ማስረጃ መያዝ ስሕተት ነው።

የሚታመነው መንገድ መለካት ነው። አንዱ ልኬት ወደ ላይ ነው፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የላሊበላ ግርዶሽ የታየበትን መነጽር በመሰለ ጥቁር ማጣሪያ ፀሐይን ፎቶ አንሥቶ ብርሃኗ ስንት እንደቀነሰ ማስላት። ውጤቱ በግሪኩ ፊደል «ታው» ይባላል። ታው 1 ሲሆን በቀጥታ ከሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ከመቶ 37 እጁ ብቻ ይደርሳል። ሌላው ልኬት ወደ ጎን ነው፤ ርቀቱ የታወቀ ተራራ ምን ያህል እንደደበዘዘ ማየት፣ ማለትም የእንጦጦው ዘዴ። ኪውሪዮሲቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ጌል በተባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ሁለቱንም ትሠራለች። ሁለቱ ሲተያዩ የሚወጣው ነገር ደስ ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጉድጓዱ ወለል አየር ከላዩ ካለው ይልቅ የጠራ ሆኖ ተገኘ፣ የውስጡና የውጩ አየር እንደልብ አይቀላቀልም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ግን በአቧራ ማዕበል የተነሣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጉድጓዱ ጠርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፎቶዎቹ ጠፋ።

ቬነስ ላይ ደግሞ ቀለም ለመለወጥ አቧራ እንኳ አያስፈልግም። የሶቪየቷ ቬኔራ 13 እ.ኤ.አ. በ1982 የላከችው ብርቱካናማ መልክ የመጣው ሰማያዊውን ከሚያስቀረው ከባድ አየር ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ግራጫ ነው።

ወደ ማርስ ስንመለስ፣ በዚያው የ2018 የአቧራ ማዕበል፣ በፕላኔቷ ሌላኛው ወገን የነበረችው ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ የለካችው ታው 10.8 ደረሰ። ከ50 ሺህ የብርሃን እጅ አንዱ ያህል ብቻ በቀጥታ ያልፋል ማለት ነው፤ የምትኖረውም በፀሐይ ኃይል ነበር። ጁን 10 ቀን የላከችው የመጨረሻ ፎቶ ፀሐይን ለመለካት የተነሣ ነው። ጥቁር ነው፣ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነውበታል። ነጥቦቹ ከዋክብት አይደሉም፤ የካሜራው የራሱ ጉድፍ ናቸው። ከግርጌ ያለው ድፍን ጥቁርም ጨለማ አይደለም፤ ሳይላክ የቀረው የፎቶው ክፍል ነው።