ከቁጥሩ ግርጌ ያለችው ቁጥር

የገበታ ጨው ፍሬን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ትንሽ ኩብ ያገኛል። ከአንዱ ገጽ መሃል ተነስቶ በትይዩው ገጽ መሃል የሚወጣ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩና ኩቡን በመስመሩ ዙሪያ 90 ዲግሪ አዙሩት፤ ካልዞረው አይለይም። በአንድ ሙሉ ዙር ይህ 4 ጊዜ ስለሚሆን መስመሩ በ4 ይጻፋል። የሲሜትሪ ዛቢያ ማለት ይኸው ነው፤ ቁጥሩም 360 ዲግሪ ለስንት እንደሚካፈል ይናገራል።

አቶሞች በእኩል ርቀት እየተደጋገሙ በተደረደሩበት ክሪስታል ውስጥ የሚገኙት ዛቢያዎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ብቻ ናቸው። 5 የለም፤ በአምስት የሚዞር ቅርጽ ክፍተት ሳይተው በእኩል ርቀት ሊደጋገም አይችልምና። ዳን ሼክትማን በ1982 እ.ኤ.አ. ይህን ሕግ የጣሰ የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ አገኘ፤ በዚያ ውስጥ ግን ሥርዓት እንጂ እኩል ድግግሞሽ የለም። በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዛሬ የምንጠቀምበትን አጻጻፍ ጀርመናዊው ካርል ኸርማንና ፈረንሳዊው ሻርል ሞጋ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዘረጉት። ኬሚስቶች ለሞለኪውል እስካሁን የሚመርጡት ከዚያ የቀደመውን የሾንፍሊስን የፊደል አጻጻፍ ነው። ለክሪስታል ግን የኸርማንና የሞጋ ይበልጣል፤ ምልክቱን ያነበበ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃልና። ከቁጥሩ በላይ ሰረዝ ካለ፣ ካዞሩ በኋላ እያንዳንዱን ነጥብ በማዕከሉ አሳልፈው ወደ ተቃራኒው ወገን ይወስዱታል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዘንበል ያለ መስመርና የ«ኤም» ፊደል ከመጡ፣ ለዛቢያው ቀጥ ብሎ የቆመ የመስተዋት ገጽ አለ ማለት ነው።

እጅግ ብዙ የምትናገረው ግን ከግርጌ የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር ናት። 3₁ ሲባል 120 ዲግሪ ይዞራል፣ ወዲያውም በዛቢያው አቅጣጫ የድግግሞሹን ርቀት ሲሶ ወደፊት ይሄዳል፤ እንደ ብሎን ጥርስ። 3₂ በተመሳሳይ ዙር ሁለት ሲሶ ይሄዳል። አቶሞቹ በየድግግሞሹ ስለሚመለሱ ይህ በተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ አንድ ሲሶ ከመሄድ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ 3₁ የቀኝ ብሎን ከሆነ 3₂ የግራ ነው።

ለዚህ ኳርትዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁሉም ኳርትዝ ሲሊኮንና ኦክስጅን ነው፤ ሆኖም አንዱ በ3₁፣ ሌላው በ3₂ ይጠመዘዛል፤ እንደ ቀኝና ግራ እጅም አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። በውስጣቸው የሚያልፈውን የተዋልተ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) ብርሃንም በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞሩታል። የውጭ ቅርጻቸውን የሚገልጸው ምልክት ግን ለሁለቱም 32 ነው፦ ባለ 3 ዛቢያ፣ ለእርሱ ቀጥ ብለው የቆሙ ባለ 2 ዛቢያዎች።

እንግዲህ 32 እና 3₂ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህራን፣ ተማሪዎችና መጽሐፍ የምታሳትሙ ሁሉ፣ የግርጌዋን ቁጥር ከግርጌዋ አታንሷት። ሰረዙን ከላይ ማኖር ካልተቻለ ደግሞ ከፊት አድርጋችሁ -3 ብላችሁ ጻፉ።