ከጎጀብ ማዶ ላለ አንባቢ፦ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሊነበቡ የሚገባቸው የቅርብ ዘመን መጻሕፍት

በቦንጋ የሚያስተምር መምህር ወይም ኢማም «እስልምና ወደ ካፋ እንዴት ገባ?» የሚል ጥያቄ ከደረሳው ቢቀርብለት፣ መልሱን ከመጻሕፍት መደርደሪያ በቀላሉ አያገኘውም። ስለ ነጃሺና ስለ መጀመሪያው ሂጅራ፣ ስለ ሐረር ዑለማ፣ ስለ ወሎ መሻይኽ የተጻፈ አይጠፋም። ካፋ ግን በአብዛኛው የሚነሣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ መጨረሻ ሆኖ፣ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ ለታሪክና ለሥነ ሰብ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ማወቅ ለሚወዱ ሁሉ የሚጠቅሙ ጥቂት መጻሕፍትን ያስተዋውቃል፤ እያንዳንዱም ለካፋ አንባቢ ምን እንደሚያስተምር ያመለክታል።

አስቀድሞ ስለ አነባበብ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። የሐዲስ ተማሪ ቃሉን ከመቀበሉ በፊት ኢስናዱን ይጠይቃል። የታሪክ አንባቢም እንዲሁ «ጸሐፊው ይህን ከማን ሰማው? መቼ? በየትኛው ቋንቋ?» ማለት ይገባዋል። ከዚህ በታች የተመረጡት መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ከእርሳቸው በፊት የጻፉ አንዳንድ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን እስልምና ከውጭ የመጣና ሥር ያልሰደደ አድርገው ያዩት ነበር። ፕሮፌሰር ሑሴን ይህን አመለካከት የሞገቱት የአገር ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ቃል መሠረት አድርገው ነው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ሃይማኖቱን ያስፋፉትና ያደሱት የአካባቢው ዑለማ፣ የትምህርት ማዕከላትና ጦሪቃዎች ጎልተው ይታያሉ። የካፋ መምህር ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። «እስልምናን ነጋዴዎች አመጡት» ብሎ ማቆም በቂ አይደለም። የነጋዴውን ልጅ ቁርኣን ያስቀራው ማን ነበር? ያ አስተማሪስ ከየት ተምሮ መጣ? ጥያቄው ወደ ጅማና ወደ ሌሎች የትምህርት ማዕከላት መንገድ ይከፍታል።

ሁለተኛው ስለ ባሌ የተጻፈ ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቴርየ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ሥራ የሰለፊያ አስተሳሰብ በባሌ ኦሮሞ ሙስሊሞች ዘንድ እንዴት እንደተስፋፋ መርምሯል። ዋና ነጥቡ ሃሳቡ ከውጭ ቢመጣም ተቀብለው፣ ተከራክረው፣ መልክ የሰጡት የአካባቢው ሰዎች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ከ1963 እስከ 1970 በባሌ የተካሄደውን የትጥቅ ትግል ይዞ፣ ሃይማኖትና ብሔር በቀላሉ የማይነጣጠሉ እንደነበሩ ያስረዳል። በመስጊድ ውስጥ የሐሳብ ልዩነት የሚገጥመው ኢማም እነዚህን ሥራዎች ቢያነብ፣ ልዩነቱ ራሱ ታሪክ ያለው መሆኑን ይረዳል፤ ወንድሙን ከመፈረጁም በፊት ታሪኩን ይጠይቃል። ሆኖም ባሌ ካፋ አይደለም። በካፋ ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ ሆኖ ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር የሚኖር በመሆኑ፣ የባሌን ድምዳሜ እንዳለ ማምጣት ያሳስታል።

ሦስተኛው ሳማንታ ኬሊ ያሰናዱትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያና ኤርትራ ላይ ያተኮረ የበርካታ ምሁራን ሥራ ነው። ሱልጣኔቶቹንና የእስልምናን የጽሑፍ ባህል የሚመለከቱ ምዕራፎች አሉት። ከእርሱ ጋር አሌሳንድሮ ጎሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚገኙ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር ቢታይ መልካም ነው። ዝርዝሩ ተራ መዝገብ ቢመስልም፣ በቤታችን ሣጥን ውስጥ ያለው አሮጌ ኪታብ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ያሳያል።

ስለ ካፋ ራሱ፣ በቀለ ወልደማርያም ስለ ካፋ ሕዝቦችና መንግሥታት በአማርኛ ያዘጋጁት ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከመማረካቸው በፊት የነበረውን የመንግሥት ሥርዓት ለሚፈልግ ተማሪ በቅርብ የሚገኝ ንባብ ነው።

የቡናን ታሪክ በተመለከተ ጄፍ ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ካፋ ደን ቡና የጻፈው ለአጠቃላይ አንባቢ የሚመች ነው። ከእርሱ ጎን የራልፍ ሃቶክስ የ1985 ሥራ ቢነበብ ጥቅሙ ይጎላል፤ ይህ ቆየት ያለ መጽሐፍ የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ቡና መጠጣታቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ላይ መታገዱንና ፉቀሃእ በጉዳዩ መከራከራቸውን ይተርካል። በዚህ አጋጣሚ በክፍል ውስጥ የሚደጋገም አንድ አባባል ልንፈትሽ እንችላለን። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከ«ካፋ» መጣ ይባላል። መዝገበ ቃላት ግን ቃሉን በቱርክኛ በኩል ወደ ዐረብኛው «ቀህዋ» ይመልሱታል፤ ይህም ቀድሞ ለወይን ጠጅ ያገለግል የነበረ ቃል ነው። የካፋ ሰው ግን ቡናን በቋንቋው «ቡኖ» ይለዋል፤ ዐረቡም ፍሬውን «ቡን» ይለዋል። ዝምድና ለሚፈልግ ይህ የተሻለ መነሻ ነው። አባባሉ ቢቀርም የካፋ ክብር አይቀንስም፤ የዐረቢካ ቡና የተፈጥሮ መገኛ ከሆኑት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች አንዱ የእርሱ ነውና።

ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያነብ መምህር በወር አንድ ምዕራፍ በአማርኛ አሳጥሮ ለመስጊዱ የንባብ ማኅበር ቢያቀርብ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ኢማም ደግሞ ስሞቹንና የኪታብ ርእሶቹን ቢያርም፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሻ ይወጣሉ።

ከንባቡ በኋላ የሚቀረው ሥራ በካፋ የሚገኝ ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ነው። በየመስጊዱ የመጀመሪያው አስተማሪ ማን ነበር? ኢጃዛውን ከማን ተቀበለ? የትኞቹ ኪታቦች ይቀሩ ነበር፤ በኅዳጋቸውስ ምን ተጽፏል? ይህን ሽማግሌዎችን አስፈቅዶ፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ይዞ መመዝገብ፣ ግልባጩንም በመድረሳውና በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማኖር ይቻላል። የወሎ ታሪክ የተጻፈው ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ የጠየቃቸው ሰው ስለተገኘ ነው። በካፋም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።