የማን ዘር ነው?

እስከ ዛሬ ካነበብነው ሁሉ የትኛው መጽሐፍ ይበልጣል ብንባል፥ መልሳችን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በወጣትነታችን ስናነበው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አለቀስን፤ ለልጃቸው በዘር የሚተካከል ባል አጣን የሚሉትን ፊታውራሪ መሸሻንም ረገምናቸው።

ዓመታት አልፈው ለገዛ ልጃችን ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ግን፥ ከአፋችን የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለመሆኑ ልጁ የማን ዘር ነው?» የሚል ሆነ። ያን ማታ መጽሐፉን እንደ ገና ገለጥነው። የጉዱ ካሣ ወቀሳ ለፊታውራሪ ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባን። መልካም መጽሐፍ በሌላው ሰው ዕጣ ሲያስለቅሰን ቆይቶ፥ በመጨረሻ እኛኑ ይጠይቀናል። በማግሥቱ ሽማግሎቹን አስጠርተን፥ ስለ ልጁ ጠባይ ብቻ ጠየቅናቸው።